የድኻው ድርሻና የፖለቲካ እጅ
ስለ ዘካ ገንዘብ የሚደረገው ክርክር

ለፈጣሪ ተብሎ ከሰጪው እጅ የወጣ ገንዘብ ለድኻው እስኪደርስ ድረስ በመካከል የሚይዘው ማን ነው? የያዘውስ ሰው ምን ሊያደርግበት ይፈቀድለታል? ይህ ጥያቄ በእስልምና ሃይማኖት ሊቃውንት መካከል ወደ 1400 ዓመት ለሚጠጋ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው። በዚህም ዘመን ዘካን ለፖለቲካ ሥራ ማዋል ይገባል ወይስ አይገባም በሚል መልክ በብዙ አገር ተነሥቶ፣ አንዳንዱን መንግሥት አስቸግሯል፤ አንዳንዱንም አሳፍሯል። ክርክሩ የሙስሊሞች ብቻ ነው ብሎ መተው ግን ለኢትዮጵያ ሹማምንትም ሆነ ለካህናቷ አይበጅም። በድኻ ስም የተሰበሰበ እህል የፖለቲካ መሣሪያ ሲሆን የሚከተለውን ነገር የደቡብ ጎንደሯ እብናት በ1977 ዓ.ም. በዓይኗ አይታዋለችና።

አስቀድሞ የነገሩን መሠረት መረዳት ያስፈልጋል። ዘካ ሰው እንደ ወደደ የሚሰጠው ምጽዋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰደቃ ይባላል። ዘካ ግን ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች አንዱ ሆኖ፣ መጠኑም ጊዜውም የተወሰነ ግዴታ ነው። ለአንድ ዓመት በእጅ የቆየ ገንዘብ ዋጋው 85 ግራም ወርቅ ያህል ከደረሰ፣ ከመቶው ሁለት ተኩል ይወጣለታል። በዝናም የበቀለ እህል ከዐሥር አንድ ይከፈልበታል፤ ገበሬው በራሱ ድካም እየቀዳ ያጠጣው ከሆነ ግን ከኻያ አንድ ብቻ ነው። የዚህ ዘመን ሊቃውንት እንደሚያሰሉት ምርቱ ወደ 650 ኪሎ ግራም ካልደረሰ ገበሬው ምንም አይጠየቅም። ከብት 30 ሲሞላ አንድ የዓመት ጥጃ፣ በግና ፍየልም 40 ሲሞላ አንድ ራስ ይወጣል። በረመዳን ጾም መጨረሻ ደግሞ ዘካተል ፊጥር የሚባለው፣ በየነፍሱ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚሆን እህል፣ ከበዓሉ ስግደት በፊት ለድኻ ይሰጣል። በእብናትና በበለሳ በኩል ያለው ቆላ ማሳው ጠባብ፣ ዝናሙም የማይታመን ስለ ሆነ፣ ይህን መጠን የሚሞላ ገበሬ በየዓመቱ ብዙ እንደማይገኝ መገመት አያስቸግርም። እንግዲህ በዚያ አገር ዘካ ማለት ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሽ ስለ ሆነም ከርሱ ላይ የሚጐድለው ቁና ሁሉ በአንድ ድኻ ቤት የሚታወቅ ነው።

ገንዘቡ የሚሰጣቸው ሰዎችም የተወሰኑ ናቸው። ቁርኣን በዘጠነኛው ምዕራፍ በ60ኛው ቁጥር ስምንት ወገኖችን ይቈጥራል፤ እነዚህም ድኾች፣ ችግረኞች፣ ገንዘቡን የሚሰበስቡና የሚያከፋፍሉ ሠራተኞች፣ ልባቸው እንዲለመድ የሚፈለጉ ሰዎች፣ ከባርነት የሚወጡ፣ ዕዳ የከበዳቸው፣ በአላህ መንገድ ላይ ያሉና መንገደኞች ናቸው። ይህን ዝርዝር በጥንቃቄ ለሚመለከት ሰው ፖለቲካ የሚገባባቸው በሮች ሦስት መሆናቸው ይታየዋል። የመጀመሪያው የሰብሳቢዎቹ ድርሻ ነው፤ ሰብሳቢው ሹም ከሆነ የሹሙ ደመወዝ ከድኻው ድርሻ ይወጣልና። ሁለተኛው ልባቸው ይለመድ ዘንድ የሚሰጣቸው ሰዎች ድርሻ ነው። ሦስተኛውና ሰፊው በር «በአላህ መንገድ» የሚለው ቃል ነው። ትርጓሜው ሰፋ ቢባል የማይጨመርበት ነገር የለም።

ታሪኩም ይህን ያረጋግጣል። ነቢዩ ሙሐመድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ632 ዓመት ባረፉ ጊዜ፣ ከዐረብ ነገዶች አንዳንዶቹ እንሰግዳለን እንጂ ዘካውን ወደ መዲና አንልክም አሉ። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር፣ ዑመር መጀመሪያ ቢያመነቱም፣ ሶላትንና ዘካን የለየ ሰው የእምነቱን መሠረት ለይቷል ብለው ወጉዋቸው። ስለዚህ ዘካ ከጥንት ጀምሮ የድኻ ምግብ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት መታዘዣ ምልክትም ሆኖ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያው ታሪክ ሌላውንም ፊት ያሳያል። ልባቸው እንዲለመድ ይሰጣቸው የነበሩት የነገድ አለቆች ድርሻቸውን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፣ ዑመር እስልምና ጸንቷልና የልብ መግዣ አያስፈልገውም ብለው እንደ ከለከሉዋቸው ይተረካል። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ያ ድርሻ ቀርቷል ይላሉ፤ ሌሎቹ ግን አልቀረም ብለው ይከራከራሉ። በኋላም በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን ዘመን፣ መንግሥት በሜዳ የሚታየውን የከብቱንና የእህሉን ዘካ ሲሰበስብ፣ በቤት የተሰወረውን የወርቁንና የብሩን ዘካ ግን ባለ ገንዘቡ ራሱ ለድኻ እንዲያደርስ ተተወ። የሰው ሣጥን እየተከፈተ እንዳይበረበር ያደረገው ይህ ውሳኔ፣ በሹምና በምጽዋት መካከል ወሰን ያኖረ የመጀመሪያው ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል።

«በአላህ መንገድ» የሚለውን ቃል የቀደሙት ሊቃውንት አብዛኞቹ ደመወዝ ለሌለው ዘማች ብቻ ሰጥተውት ነበር፤ ከሐንበሊዎች አንዳንዶቹ ሐጅ የሚሄደውን ድኻ ጨምረውበታል። ኻያኛው መቶ ዓመት ሲገባ ግን ትርጓሜው እየሰፋ ሄደ። በግብፅ የኖሩት ረሺድ ሪዳና በኋላ የአል አዝሀር ታላቅ ሼህ የሆኑት መሐሙድ ሸልቱት፣ ለሕዝበ ሙስሊሙ የሚጠቅመውን የጋራ ሥራ ሁሉ ወደዚያ አገቡት። ዩሱፍ አል ቀረዳዊ ስለ ዘካ በጻፉት ሰፊ መጽሐፍ መካከለኛውን መንገድ ይዘው፣ ለእምነቱ በብዕርም በምላስም የሚደረገውን ትግል ጨመሩበት። በመካ የተሰበሰበው የፊቅህ ጉባኤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1985 ዓመት ስብከትና ትምህርት በዚህ ድርሻ ውስጥ እንዲቈጠር ወሰነ። ሊቃውንቱ ይህን ያሰቡት በቅን ልቡና እንደ ሆነ ማንም አይጠራጠርም። ቢሆንም ስብከቱ ከምርጫ ቅስቀሳ፣ ትግሉም ከፓርቲ ትግል የሚለይበት መስመር የት ላይ እንደ ሆነ በግልጥ ሳይቀመጥ፣ በሩ ተከፍቶ ቀረ።

በዚያ በር የገባውም ብዙ ነው። ፓኪስታን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ዓመት፣ በጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ዘመን፣ የዘካና የዑሽር አዋጅ አውጥታ በባንክ ከተቀመጠው የሕዝብ ገንዘብ በረመዳን የመጀመሪያ ቀን ከመቶ ሁለት ተኩል እየተቈረጠ ወደ መንግሥት ሣጥን እንዲገባ አደረገች። የሺዓ ወገኖች ይህ የእኛ ሕግ አይደለም ብለው በዚያው ዓመት በሐምሌ በብዙ ሺህ ሆነው ወደ ኢስላማባድ ዘመቱ፤ መንግሥትም ከግዴታው ነጻ አወጣቸው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1999 ዓመት ይኸው መብት ለሱኒዎችም እንዲሆን ፈረደ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ረመዳን ሲቃረብ ገንዘቡን ከባንክ እያወጣ ጾሙ ከገባ በኋላ መልሶ ማስቀመጥን ልማድ አደረገው። ለመንግሥት መስጠት የተጠላው ዘካው ራሱ ተጠልቶ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ያው ሰው በእጁ ለጎረቤቱ ድኻ ይሰጥ ነበርና። በየመንደሩ የተሾሙት የዘካ ኮሚቴዎች ለወገኖቻቸውና ለፓርቲ ደጋፊዎች ያደላሉ የሚለው ወቀሳ ሳይለያቸው ኖሯል። ከጎንደር ወሰን ማዶ ያለችው ሱዳንም በ1984 ዓመት በኒሜሪ ዘመን ዘካን በሕግ ግዴታ አደረገች፤ በኋላም የዘካው መሥሪያ ቤት «በአላህ መንገድ» የተባለውን ድርሻ በደቡብ ለሚደረገው ጦርነት አውሎታል ተብሎ ብርቱ ነቀፌታ ደረሰበት።

የክርስቲያን አንባቢ ይህን ሲያነብ የሌላ ሰው ገመና ነው እንዳይል፣ ወደ እብናት መመለስ ያሻል። እዚያ የነበረው ምጽዋት ዘካ አልነበረም፤ ከውጭ አገር ሕዝብ የመጣ የእርዳታ እህል ነበር። መንግሥቱም የማንኛውም ሃይማኖት ወገን አልነበረም። ስለዚህ ደዌው ከአንድ ሃይማኖት የመጣ አለመሆኑን ለማወቅ ከእብናት የተሻለ ምስክር የለም።

በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ በጸና ጊዜ በእብናት የእርዳታ መጠለያ ተቋቁሞ፣ ከበለሳም ከሌላውም አገር የተሰደደ ብዙ ሺህ ሕዝብ ይረዳበት ነበር። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ገደማ ወታደሮችና የአካባቢው ሹማምንት መጠለያውን በድንገት አስለቀቁ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። በዚያን ጊዜ የወጡት ዘገባዎች ቍጥሩን የተለያየ ያድርጉት እንጂ፣ የተባረረው ሕዝብ ከ30 ሺህ እንደማያንስ ይስማሙበታል። ከመካከላቸውም ገና አቅም ያላገኙ ሕፃናትና በሽተኞች ነበሩ። የክረምት እርሻ ስለ ደረሰ ሰው ወደ ቀየው መመለስ አለበት የሚል ምክንያት ተሰጠ። በተባበሩት መንግሥታት ስም የእርዳታውን ሥራ የሚመሩት ኩርት ያንሰን ጕዳዩን ባነሡ ጊዜ፣ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነገሩ ስሕተት እንደ ሆነ አምነው ጥፋቱን በአካባቢው ሹም ላይ አደረጉት።

ጥፋቱ የአንድ የአውራጃ ሹም ነው ማለት ግን ነገሩን ማሳነስ ነው። በዚያ ዓመት እህል ለደርግ መንግሥት ሦስት ዐይነት አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ረኃብተኛውን መመገብ አንዱ ነበር። ሁለተኛው ከሰሜን ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ለሚደረገው ሰፈራ ሰውን መሳቢያ መሆን ነበር፤ በዚህም ሥራ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚሆን ሕዝብ ተጓጓዘ። ሦስተኛው ዐማፅያን በሚንቀሳቀሱበት አገር ያለውን ሕዝብ ለመቈጣጠር ነበር። የሰፈራውን አፈጻጸም በአደባባይ የነቀፈው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በኅዳር 1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። እንግዲህ ምግቡ አንድ ሆኖ ሳለ ዓላማው ሦስት ከሆነ፣ የመጠለያው ሹም ድኻውን የሚያየው እንደ ተቸገረ ሰው ነው ወይስ እንደ ሰፋሪ ወይስ እንደ ጠላት ወገን? በእብናት የተቃጠሉት ጎጆዎች ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልስ ናቸው።

ዐማፅያኑም ከዚሁ ሐሜት አላመለጡም። ቢቢሲ በ2002 ዓ.ም. ባሰማው ዝግጅት፣ በረኃቡ ዘመን ለትግራይ ሕዝብ ተብሎ ከገባው የእርዳታ ገንዘብ ብዙው ለጦር መሣሪያ መግዣ ውሏል የሚሉ የቀድሞ ታጋዮችን ቃል አቀረበ። ሌሎቹ ታጋዮች አጥብቀው ካዱ። የባንድ ኤድ ማኅበር ክስ አቅርቦ፣ ቢቢሲ በ2003 ዓ.ም. የዚህ ማኅበር ገንዘብ ለመሣሪያ ውሏል የሚል ስሜት በመፍጠሩ ይቅርታ ጠየቀ። እውነቱ በየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ከኻያ አምስት ዓመት በኋላም የተሰጠው ገንዘብ ሲመረመር መኖሩ ራሱ አንድ ነገር ያስረዳል፤ ምጽዋት ከፖለቲካ ጋር አንድ ጊዜ ከተነካካ ንጹሑም ገንዘብ ከነቀፋ አይድንም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እብናትን በመሳሰሉ ወረዳዎች የተሠራበት ሴፍቲኔት እንኳ፣ እህሉ በፓርቲ ደጋፊነት ይታደላል የሚል ክስ በ2003 ዓ.ም. ከሂዩማን ራይትስ ዎች ቀርቦበት መንግሥት አስተባብሏል።

ወደ ዘካው ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ ዘካ በመንግሥት ተሰብስቦ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ በሙስሊም መሳፍንት እጅ የነበሩ ጥንታዊ ግዛቶች ካልሆኑ በቀር። ሰው በእጁ ለዘመዱና ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ከዚያ የተረፈውን ለመስጊዱና ለደረሳው ያደርሳል። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሒሳብ የለውም። ሒሳብ የሌለው ገንዘብም ሁለት ዐይነት እጅ ይጠራል። አንዱ የውጭ አገር እጅ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአወሊያ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን ከሳዑዲ ዐረቢያ በሚመጣ እርዳታ ሲሠራ ኖሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ወደ መጅሊሱ እጅ ሲተላለፍ የተነሣው ቍጣ አገሪቱን እንዴት እንዳናወጠ የሚረሳ አይደለም። ሁለተኛው የራስ መንግሥት እጅ ነው፤ በዚያው ዓመት የነበሩት ሙስሊሞች መጅሊሱ በእኛ አልተመረጠም፣ መንግሥትም አንዱን አስተምህሮ በላያችን ይጭናል ብለው ነበር የተቃወሙት። የተቃውሞው ኮሚቴ አባሎችና ሌሎችም ተይዘው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስም ተፈቱ። በዚያን ዘመን አንድ ሙስሊም ዘካውን ለማን ሊያስረክብ ይችል ነበር? ለማያምነው መጅሊስ ወይስ ለማያውቀው ሰብሳቢ? ብዙው ሰው ወደ ቀድሞው ልማዱ ማለት ወደ ገዛ እጁ መመለሱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱ ይህን መልክ ለውጦታል። አሁን ሒሳብ ሊጠየቅ የሚችል አካል አለ። የሕገ መንግሥቱ 11ኛ አንቀጽ መንግሥት በሃይማኖት ሃይማኖትም በመንግሥት ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅም ፓርቲ ከሃይማኖት ድርጅት ስጦታ እንዳይቀበል አግዶ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ክልከላ የሚያየው ተቀባዩን ፓርቲ ነው። ሹሙ በፓርቲው ስም ሳይሆን በልማት፣ በጸጥታ ወይም በስብሰባ ስም ከመስጊዱ ሣጥን አዋጡ ቢል፣ ወይም አንድ ሰባኪ ከዘካው ላይ ለምርጫ ወገኑ ቢያካፍል፣ ነገሩን የሚይዘው የፓርቲው መዝገብ አይደለም፤ በዚያው በመስጊዱ ሕዝብ ፊት የሚነበብ ሒሳብ ነው።

ካህናትም በዚህ ነገር የሚጨነቁበት አንድ ምክንያት አላቸው፤ እርሱም ልብን ለማለማመድ የሚሰጠው ድርሻ በረኃብ ጊዜ ክርስቲያኑን ከሃይማኖቱ ለማውጣት ይውላል የሚል ነው። ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም ሚዛኑ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በደቡብ ጎንደር ሙስሊሞቹ ከመቶ አምስት አይደርሱም ነበር። ጥቂት የሆነ ወገን ብዙውን ይገዛል ብሎ ከመፍራት በፊት፣ ብዙው ወገን ለጥቂቱ በረኃብ ጊዜ እህል ሲያድል ሃይማኖቱን ጠይቆ እንደ ሆነ መመርመር ይሻላል። የሐነፊ ሊቅ አቡ ሐኒፋ ዘካተል ፊጥር ሙስሊም ላልሆነ ድኻም ሊሰጥ ይችላል ብለዋል፤ ሰደቃውማ ለሁሉ ነው። በቤተ ክርስቲያንም በኩል ፍትሐ ነገሥት ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ ብቻውን አልያዘውም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሌሎች ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ ያደረገው ማንም እንዳይነቅፈው መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት በስምንተኛው ምዕራፍ ገልጦታል። የጳውሎስ ሥርዓትና የዑስማን ሥርዓት በዚህ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በሰጪውና በድኻው መካከል ያለውን እጅ ያጠብቃሉ።

ከዚህ የተነሣ ለኢትዮጵያ የሚበጀው «በአላህ መንገድ» የሚለውን ድርሻ በጠባቡ መያዝ ነው። ይህን የሚወስኑት ዑለማው ናቸው፤ ሹም ሊፈርድበት አይችልም። ሹም ሊያደርገው የሚገባውና የሚችለው ሌላ ነው፤ ዘካ በሚወጣበት ወረዳ ድኾች እስካሉ ድረስ እህሉ ከወረዳው እንዳይወጣ ሊቃውንቱ ከጥንት የያዙትን ሥርዓት አለማፍረስ፣ ለመንገድም ለስብሰባም ለዘመቻም ተብሎ ከዚያ ሣጥን ድርሻ አለመጠየቅ፣ የመስጊዱ ሰዎች ሒሳባቸውን በሕዝባቸው ፊት ሲያነቡም እንደ ምስክር እንጂ እንደ ተቈጣጣሪ አለመቀመጥ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ዘመን ይህ ይልቁን ያስፈልጋል። በጦርነት ጊዜ ሁሉም ወገን መዋጮ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም ሰው ለአንዱ ቢሰጥ ለሌላው ጠላት ይባላል። አንድ የእብናት ሼህ ከዘካው ላይ ለመንግሥትም ለታጣቂም አልሰጥም ቢል በዐመፀኛነት ሊቈጠር አይገባም፤ ለዘካው ተቀባይ የሆኑትን ስምንቱን ወገኖች የሚቈጥረው ሕግ ከማናቸውም ሹመት በፊት የተጻፈ ነውና።